በትንሽ ብር ስፒከርና አምፕሊፋየር መርጦ ቤት ውስጥ መግጠም፦ ከሜትር እስከ መጨረሻው ገመድ

ጎረቤቶቼ ስፒከር በገዙ ቁጥር ይጠሩኛል። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግድግዳው ድምፅ ስለሚያሳልፍ ሳይጠሩኝም ችግሩን ቀድሜ እሰማዋለሁ። ነገሩ ሁሌም ያው ነው። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር አይተው ገዝተዋል። ሱቅ ውስጥ ጮክ ብሎ ሲዘፍን ወደውታል። ቤት ሲገባ ግን ቤዙ ይደበድባል፣ የሰው ንግግር አይለይም፣ ከሥር ደግሞ ሙዚቃው ሲቆም እንኳ የማያቆም «እምምም» የሚል ድምፅ አለ። ብሩ ወጥቷል፣ ሱቁም አይመልስም።

ዋጋ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር በወሩ ያሳስታችኋል። በምትኩ ያላችሁን ብር እንዴት እንደምታከፋፍሉት፣ ምን ፈትሻችሁ እንደምትገዙና በምን ቅደም ተከተል እንደምትገጥሙ ልንገራችሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው በመጥፎ ጥራት ሳይሆን በችኮላ ነው።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ ለኩ

ሜትር፣ እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ።

1. የሳሎኑን ርዝመትና ስፋት ለኩና ጻፉ።
2. ከሶፋው እስከ ቲቪው ስንት ሜትር እንደሆነ ለኩ።
3. ሶፋው ላይ ተቀምጣችሁ ከወለሉ እስከ ጆሯችሁ ያለውን ከፍታ አስለኩ። አብዛኛው ሰው ጋ ከ90 እስከ 100 ሳንቲሜትር ይሆናል።
4. የቲቪያችሁን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንሱ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳና ሱቅ ሄዶ «ገመዱ የትኛው ነበር?» ይላል። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፦ ቀይና ነጭ ክብ ቀዳዳ፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ፣ ኦፕቲካል የተጻፈበት ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ አጠገቡ ኤአርሲ የሚል ያለበት ኤችዲኤምአይ። ቀይና ነጩ ላይ የተጻፈውን ደግሞ አንብቡ፤ «ኢን» ከሆነ ድምፅ ማስገቢያ ነው፣ ለእናንተ አይሆንም። «አውት» የሚለውን ነው የምትፈልጉት።
5. ሳሎኑ መሃል ቆማችሁ አንዴ በኃይል አጨብጭቡ። ጭብጨባው ካለቀ በኋላ «ጭርርር» የሚል ነገር ከተሰማችሁ ቤታችሁ ድምፅ ይመልሳል ማለት ነው። ሴራሚክ ወለል፣ ባዶ ግድግዳና ትልቅ መስኮት ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ነው።

አምስተኛው ላይ ቤታችሁ ከጮኸ፣ ከብሩ ላይ ለምንጣፍና ለወፍራም መጋረጃ አስቀሩ። የሚመልስ ክፍል ውስጥ ውድ ስፒከርም ንግግሩ አይለይም።

ሳሎናችሁ 3 በ4 ሜትር አካባቢ ከሆነ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ኢንች ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ያላቸው ሁለት ስፒከሮች ይበቋችኋል። ባለ 12 ኢንቹ ለአዳራሽ ነው። እናንተ ቤት ገብቶ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የላይኛውን ጎረቤት ብርጭቆ ማንቀጥቀጥ ነው።

ደረጃ 2፦ ብሩን አከፋፍሉ

ካላችሁ 100 ብር ውስጥ 60ውን ለስፒከር፣ 25ቱን ለአምፕሊፋየር፣ 15ቱን ለገመድና ለመብራት መከላከያ መድቡ። ይሄ የኔ ሚዛን ነው፤ ብዙ ቤት ሠርቶልኛል። ምክንያቱም በአሁኑ ጊዜ ክላስ ዲ የሚባሉት ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ርካሽ ሆነው በደንብ ይሠራሉ። ድምፁ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው በዋናነት በስፒከሩና በተቀመጠበት ቦታ ነው።

ከዚያ የትኛውን መንገድ እንደምትሄዱ ወስኑ።

ለዜና፣ ለድራማና ለኳስ ብቻ ከሆነ ሳውንድ ባር፣ ማለትም ቲቪው ሥር የሚቀመጠውን ረጅም ስፒከር፣ ግዙና ጨርሱ። ለሙዚቃም ከሆነ፣ ግን ገመድ መቁረጥና መላጥ የማትፈልጉ ከሆነ፣ አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለበት ጥንድ ስፒከር ግዙ። ከብራችሁ ብዙ ድምፅ ማግኘት ከፈለጋችሁና መፈተሽ ካልከበዳችሁ፣ ያገለገለ ጥንድ ስፒከር ከትንሽ አዲስ አምፕሊፋየር ጋር የሚበልጠው የለም።

አምስት ስፒከር ከነቤዙ በአንድ ካርቶን የሚሸጠውን ርካሽ ሆም ቲያትር አልመክርም። ያው ብር ለስድስት ሳጥን ይከፋፈልና አንዱም ጥሩ አይሆንም። በዚያ ላይ የኋላዎቹ ማስቀመጫ አጥተው አምስቱም ቡፌው ላይ ተደርድረው አያቸዋለሁ። መብራት የሚያብለጨልጭ ትልቅ ባለ ብሉቱዝ ስፒከርም ለግቢ ድግስ እንጂ ለሳሎን አይደለም።

ደረጃ 3፦ ቁጥሮቹን አንብቡ

ካርቶኑ ላይ 5000 ዋት፣ 10000 ዋት የሚል ካያችሁ እለፉት። ብዙ ጊዜ አጠገቡ ፒኤምፒኦ የሚል ጽሑፍ አለ። ስፒከሩ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል አይደለም። የሚጠቅማችሁ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን የሚናገረው፣ አርኤምኤስ የሚለው ነው።

እሱንም ካላመናችሁ የዕቃውን ጀርባ አዙሩ። መብራት የሚገባበት አጠገብ ትንሽ ጽሑፍ አለ፦ 220 ቮልት፣ 60 ዋት ይላል እንበል። ከመብራት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ 60 ዋት ድምፅ እንኳ ሊሰጥ አይችልም። ቻርጀር መሳይ አዳፕተር ያለው ከሆነ ቮልቱን በአምፒር አባዙት፤ 12 ቮልት 2 አምፒር ማለት 24 ዋት ነው። ሻጩ የፈለገውን ቢል ከዚህ አያልፍም።

ሁለተኛው ቁጥር ኦም ነው፤ ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይናገራል። ስፒከሩ ጀርባ 4፣ 6 ወይም 8 ይላል። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ደግሞ ከስንት እስከ ስንት እንደሚችል ተጽፏል። የስፒከሩ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ከሚችለው ዝቅተኛ ቁጥር ማነስ የለበትም። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር አንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ካሰራችሁ 4 ይሆናል፤ ሁለት ባለ 4 ካሰራችሁ 2 ይሆንና ብዙ አምፕሊፋየር ይግላል፣ ይጠፋል ወይም ይቃጠላል።

ሦስተኛው ዲቢ ነው። በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግራችኋል። 85 ዲቢ የሚል ስፒከር 90 ዲቢ የሚለውን ያህል እንዲጮህ ሦስት እጥፍ ያህል ዋት ይፈልጋል። አምፕሊፋየራችሁ ትንሽ ከሆነ ዲቢው ከፍ ያለውን ምረጡ።

ደረጃ 4፦ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹ

መርካቶ ሂዱ፣ ፒያሳ ሂዱ፣ ከቴሌግራም ላይ ሻጭ አግኙ፣ ሕጉ አንድ ነው፦ በጆሯችሁ ሳትሰሙ ቀብድ አትክፈሉ። መብራት በጠፋበት ሰዓት «አስተማማኝ ነው፣ ውሰደው» ከተባላችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሻጩ ቅር ቢለው ምንም አይደለም። «ወንድሜ፣ ሰምቼ ነው የምወስደው» በሉት።

ይዛችሁ ሂዱ፦ ሙዚቃ የወረደበት ስልክ፣ ኦክስ ገመድ፣ መልቲሜትር፣ አንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይና ሁለት ቁራጭ ሽቦ።

አዲስ ዕቃ ከሆነ እንዲህ አድርጉ።

1. የሻጩን ሙዚቃ አስቆሙና የራሳችሁን ክፈቱ። ሻጩ የሚከፍተው ለዚያ ስፒከር የሚስማማውን ነው።
2. ክራር ያለበት ዘፈን ክፈቱ። ክራሩ ሲመታ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል ወይስ ተድበስብሶ «ቸርቸር» ይላል? ቀጥሎ ማሲንቆና የሰው ድምፅ። ማሲንቆው ከአፍንጫ የሚወጣ ከመሰለ መሃሉ ደካማ ነው። መጨረሻ ላይ ከበሮ ያለበት መዝሙር ወይም ዘፈን። ከበሮው ተመትቶ ማቆም አለበት፤ ከተመታ በኋላም እየጎተተ የሚያጓራ ከሆነ ተዉት።
3. ቤዝና ትሬብሉን መሃል ላይ አድርጉና እንደገና ስሙ። ሱቅ ውስጥ ቤዙ ጫፍ ድረስ ተከፍቶ ነው የሚጠብቃችሁ።
4. ድምፁን በጣም ቀንሱ። ዝቅ ብሎም ንግግሩ የሚለይ ስፒከር ጥሩ ስፒከር ነው። ማታ የምትሰሙት እንደዚያ ነው።
5. ያንኑ የሰማችሁትን ዕቃ ውሰዱ። «ካልተከፈተው ካርቶን እንስጥህ» ካሏችሁ እሱንም ከፍታችሁ ስሙ።
6. ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ስንት ቀን ድረስ እንደሚቀይሩላችሁም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ያገለገለ ከሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

1. የፊት ጨርቁን አንሱና የዉፈሩን ዙሪያ ቀለበት በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ንኩ። ስፖንጅ ከሆነና ከተፈረፈረ ወይም ከተጣበቀባችሁ አልቆለታል። ሊለወጥ ይችላል፤ ግን ዋጋው ላይ ቁረጡ።
2. ዉፈሩን በሁለት እጃችሁ ግራና ቀኝ እኩል ይዛችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። «ክርር» ካለ ኮይሉ (ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል) ይፋተጋል፣ አትግዙት።
3. መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ የስፒከሩን ቀይና ጥቁር መግቢያ ለኩ። ባለ 8 ኦሙ ከ5.5 እስከ 7.5 አካባቢ፣ ባለ 4 ኦሙ ከ3 እስከ 3.8 አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ወይም ዜሮ ካለ ተበላሽቷል። ሁለቱ ስፒከሮች የሚያሳዩት ተቀራራቢ መሆን አለበት።
4. መልቲሜትር ከሌላችሁ ባትሪ ድንጋዩን ለአፍታ ብቻ አስነኩ። «ጭቅ» ብሎ ዉፈሩ ወደ ፊት ከወጣ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ቀዩ ነው። ቀለሙ የጠፋበትን መግቢያም በዚህ ትለያላችሁ።
5. ያገለገለ አምፕሊፋየር ከሆነ ሁሉንም መዘውር አዙሩ። «ክርክርክር» ካለ ቆሻሻ ነው፣ በኮንታክት ክሊነር ይጸዳል። አንዱ ጎን ጭራሽ የሚጠፋ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ።
6. ስፒከር ሳይታሰር ድምፁን ዜሮ አድርጋችሁ መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና የስፒከር መውጫውን ለኩ። ከ0.05 ቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው። አንድ ሁለት ቮልት የሚያሳይ ከሆነ ስፒከራችሁን ያቃጥላል፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።

እንዲሁም የጀርባውን ቮልት ሳታነቡ ምንም ዕቃ አትሰኩ። የኛ መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። የጃፓን ዕቃ 100 ቮልት፣ የአሜሪካ 120 ቮልት ሊሆን ይችላል። አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣው ቆንጆ አምፕሊፋየር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ጢሱ ሲወጣ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ስፒናውን መቀየሪያ ገዝቶ ነበር፤ መቀየሪያው ግን ቀዳዳውን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። እንዲህ ያለ ዕቃ ካላችሁ ዋቱን የሚችል፣ 220ን ዕቃው ጀርባ ወደተጻፈው ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከዱባይ የሚመጣው ግን ቮልቱ ይስማማል፣ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስፒናው ብቻ መቀየሪያ ይፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ስፒከሩን አስቀምጡ

ገመድ ከማሰራችሁ በፊት ቦታውን ጨርሱ።

1. ሁለቱን ስፒከሮች ከቲቪው ግራና ቀኝ አድርጉ፣ በመካከላቸው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይሁን። ከእያንዳንዱ ስፒከር እስከ እናንተም ተቀራራቢ ርቀት ይሁን፤ ሦስት እኩል ጎን እንዳለው ጉልቻ አስቡት።
2. ትንሿን ስፒከር፣ ማለትም ትዊተሩን፣ ቅድም በለካችሁት የጆሮ ከፍታ ላይ አድርጉ። ማቆሚያ መግዛት የለባችሁም። በርጩማ ወይም ጨርቅ የለበሰ ብሎኬት ይሆናል። እንዳይወድቅ ግን ነቅንቃችሁ አረጋግጡ፣ በተለይ ልጅ ባለበት ቤት።
3. ከኋላ ግድግዳው ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር አርቁ። ጀርባው ላይ ቀዳዳ ያለው ከሆነ 30 እና ከዚያ በላይ። ጥግ ውስጥ አትወሽቁት።
4. ቡፌ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከአበባው ሥር አታስገቡ። ሳጥኑ ራሱ መጮህ ይጀምራል። የግድ ቡፌው ላይ ከሆነ ወደ ፊት ጠርዙ አስጠጉትና ከሥሩ ስፖንጅ አድርጉለት።
5. ፊታቸውን ወደ እናንተ ትንሽ አዙሩ።
6. ሶፋው ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ቢቻል 30 ሳንቲሜትር ሳቡት። ካልተቻለ ከጀርባችሁ ግድግዳው ላይ ወፍራም ምንጣፍ ወይም መጋረጃ ስቀሉ።

ለብቻው የቆመ የቤዝ ሳጥን (ሳብዉፈር) ካላችሁ ቦታውን ለማግኘት እንዲህ አድርጉ፦ ቤዙን ሶፋው ላይ፣ እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡትና ከበሮ ያለበት ሙዚቃ ክፈቱ። ከዚያ እናንተ ወለሉ ላይ እየዳሃችሁ በግድግዳው ሥር ዙሩ። ቤዙ ጥርት ብሎ እኩል የሚሰማበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ቤዙን እዚያ አምጡት። የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አድርጉ፣ ከታች ያለው ጎረቤት ያመሰግናችኋል።

ደረጃ 6፦ ገመዱን እሰሩ፣ መብራቱን መጨረሻ ላይ

ሁሉም ነገር ከሶኬት ተነቅሎ ይሁን። ካቻቢቴ፣ መቁረጫና ናስትሮ አዘጋጁ።

1. የስፒከር ገመድ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ ከውስጡ ብርማ ነገር ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ወይ በርካሽ ግዙት ወይ ተዉት። ለሁለቱም ስፒከር እኩል ርዝመት ቁረጡ።
2. ጫፉን 1 ሳንቲሜትር ያህል ላጡና ክሮቹን በደንብ ጠቅልሉ። አንዲት የወጣች ክር ቀዩንና ጥቁሩን ካገናኘች አምፕሊፋየሩን ትገድለዋለች።
3. ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። በገመዱ አንድ ጎን ላይ መስመር ወይም ጽሑፍ አለ፤ እሱን ሁልጊዜ ለቀዩ አድርጉት።
4. አሁን የድምፅ ገመዱን ከቲቪው ወደ አምፕሊፋየሩ ሰኩ። ቀይ ቀኝ ነው፣ ነጭ ግራ።
5. ድምፁን ዜሮ አድርጉ።
6. አምፕሊፋየሩን፣ ቲቪውንና የዲሽ ሪሲቨሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ያን ዲቫይደር ስታቢላይዘር ላይ። ምጣድና ካውያ ከዚያ ዲቫይደር ላይ አይሰኩ።
7. ቲቪውን አብሩ፣ አምፕሊፋየሩን መጨረሻ ላይ አብሩ፣ ድምፁን በቀስታ ክፈቱ። ስታጠፉ ግልባጩ ነው፦ አምፕሊፋየሩ መጀመሪያ ይጠፋል።

መብራት ሲጠፋ ወዲያው ከሶኬት ንቀሉ። ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ስለሚዋዥቅ ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ ሰኩ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲጀምር የዲሹን ገመድም ከሪሲቨሩ አውጡ።

ካልሠራስ?

ጭራሽ ድምፅ የለም። በኦፕቲካል ከሆነ ያገናኛችሁት የቲቪው የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፒሲኤም የሚለውን ምረጡ። ኦፕቲካልን ወደ ቀይና ነጭ የሚቀይሩት ርካሽ ሳጥኖች ብዙዎቹ ዶልቢ የሚባለውን የታመቀ የድምፅ ዓይነት አይፈቱም። በኤችዲኤምአይ ከሆነ ኤአርሲ የተጻፈበት ቀዳዳ መሆኑን አረጋግጡ።

ከአንድ ጎን ብቻ ይሰማል። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ የስፒከር ገመዱን አቀያይሩ፣ ግን አጥፍታችሁ። ዝም ያለው ያው ስፒከር ከሆነ ችግሩ ስፒከሩ ወይም የሱ ገመድ ነው። ዝምታው ወደ ሌላኛው ስፒከር ከዞረ ችግሩ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከድምፅ ገመዱ ነው።

ድምፁ ሳሳ፣ ቤዝ ጠፋ። ዜና ክፈቱና መሃል ተቀመጡ። የአንባቢው ድምፅ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል መምጣት አለበት። ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ አንዱ ስፒከር ላይ ቀይና ጥቁሩ ተገልብጧል። አንዱን ብቻ አስተካክሉ።

«እምምም» ይላል። ይሄ ብዙ ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ የሚመልስበት ነው። የድምፅ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉ። አሁንም ካለ ችግሩ አምፕሊፋየሩ ወይም አዳፕተሩ ነው። ከጠፋ መልሳችሁ ሰኩና የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ አውጡ። አሁን ከጠፋ ያገኛችሁት ያ ነው፤ በዲሹ ገመድና በመብራቱ የመሬት ሽቦ (ግራውንድ) መካከል ኤሌክትሪክ የሚዞርበት ቀለበት ተፈጥሯል። ሁሉም አንድ ዲቫይደር ላይ መሆኑን እንደገና አረጋግጡ። ካልጠፋ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ በድምፅ ገመዱ መሃል አስገቡ። የስፒናውን የመሬት ጥርስ ግን በፍጹም አትቁረጡ። ድምፁ ይጠፋ ይሆናል፤ ዕቃው የሚነዝር ቀን ግን መከላከያ አይኖራችሁም።

ከንፈሩና ድምፁ አይገጥምም። ብዙ ጊዜ በብሉቱዝ ስለሆነ ነው። ለቲቪ ገመድ ተጠቀሙ፣ ብሉቱዙን ለስልክ ሙዚቃ ተዉት።

ድምፁ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ወዲያው ቀንሱ። አቅሙ ያለቀ አምፕሊፋየር መጀመሪያ የሚያቃጥለው ትዊተሩን ነው። መሰንጠቅ የሚጀምርበትን ቦታ ፈልጉና ትንሽ ዝቅ ብሎ መዘውሩ ላይ በናስትሮ ቁራጭ ምልክት አድርጉ። ለቤቱ ሰው ሁሉ ከዚያ ምልክት በላይ እንዳይከፍት ንገሩ፣ ሠራተኛዋም እንግዳም ሳይቀር።

አምፕሊፋየሩ ይግላል። ላዩ ላይ የተደረበውን ሪሲቨርና ዳንቴል አንሱ፣ ከላይ 10 ሳንቲሜትር ክፍት ተዉለት። ያኔም እጅ የማያስነካ ከሆነ አጥፉትና የስፒከሮቹን ኦም እንደገና ለኩ።

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ሳምንት ምንም አትንኩ። ከዚያ ስፒከሮቹን በ5 በ5 ሳንቲሜትር ወደ ግድግዳው አስጠጉ ወይም አርቁ፣ ያችኑ ባለ ክራር ዘፈን እየሰማችሁ። ቦታውን ስታገኙት ወለሉ ላይ በናስትሮ ምልክት አድርጉበት፤ ቅዳሜ ቤት ሲጸዳ መነሳታቸው አይቀርም።